የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ከወንበሩ ከወረደ በኋላ በምን ይመዘናል? በዶክተር ሉሲየን ማት ዘመን ላይ የተከፈተ ውይይት

ዘአራት ኪሎ (ውይይቱን የከፈቱት)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ፣ በአራት ኪሎም ሆነ በስድስት ኪሎ ሁለት መምህራን ሻይ ይዘው ከተቀመጡ ጨዋታቸው ዞሮ ዞሮ ፕሬዚዳንቱ ላይ ያርፋል። ማን ይሾማል፣ ማን ይሾመዋል፣ ምን ያህል ይቆያል የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ይነሣሉ፤ አንድ ሰው ይህን ወንበር ይዞ ከወረደ በኋላ ሥራው በምን ይመዘናል የሚለው ግን ሲነሣ እምብዛም አልሰማሁም። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በዶክተር ሉሲየን ማት ላይ ልፈትነው እፈልጋለሁ።

ዶክተር ማት ካናዳዊ፣ የካቶሊኩ የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህን ነበሩ። በ1930ዎቹ መገባደጃ ወደ አገራችን መጥተው መጀመሪያ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲቋቋም በ1942 ዓ.ም. ሲወስኑ ሥራው የተጣለው በእርሳቸው ላይ ነበር፤ ትምህርቱም በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ተጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ስለ ራሱ በሚያወጣው ታሪክ እንደሚገልጸው በመነሻው የነበሩት ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ባለው ዘመን ኮሌጁ በእርሳቸው እጅ አደገ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ኢየሱሳውያን በሱስንዮስ ዘመን ያደረሱት ቁስል በቤተ ክህነትም በሕዝቡም ዘንድ አልተረሳም ነበር፤ በፋሲለደስ ከተባረሩ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ስማቸው ሲጠራ የሚሰቀጥጠው ሰው ብዙ ነበር። ስለዚህ ዶክተር ማትና ባልንጀሮቻቸው የካህን ልብሳቸውን አውልቀው እንደ ማንኛውም ሲቪል ለብሰው ያስተምሩ ነበር፤ ሃይማኖታቸውን ለተማሪዎቻቸው እንዳይሰብኩም ተከልክለው ነበር። አንድ መሪ ከማንነቱ ትልቁን ክፍል ደጅ ትቶ በየቀኑ ቢሮው ሲገባ ምን ዓይነት ራስን መግዛት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለእኔ የአመራራቸው የመጀመሪያ ማስረጃ ይህ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ እየሠራ ያለ ነገር ነው። በ1950 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት ሆኖ፣ ሌላው ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዌን በኮሌጁ ግቢ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። የኮሌጁ ዕድሜ ገና ከስምንት ዓመት በታች ነበር፤ ወንበርና መጽሐፍ ለማሟላት በሚጨነቅበት ጊዜ የመሬትን መንቀጥቀጥና መግነጢሳዊ ኃይል የሚለካ ጣቢያ መትከል ለብዙ ሰው ቅንጦት ይመስለው እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ብዙ ሳይቆይ ግን በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ማጀቴ ፈረሰች፣ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳናም ተሰነጠቀ፤ ኦብዘርቫቶሪው መዘገበው፣ ጉዌንም አጠኑት። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እየተሰማ ሌሊት ከአልጋችን ሲያስነሣን መረጃ የጠበቅነው ከዚያው ጣቢያ ካደገው ኢንስቲትዩት ነበር።

ስለዚህ ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት መመዘን ያለበት እርሱ ሳይኖር በሚቀጥለው ሥራ ነው። በዘመኑ የተመረቀው ሕንፃ፣ የተቆረጠው ሪባንና የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በዚህ ላይ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የሕግ ሰው

የተከበሩ ዘአራት ኪሎ፣ ያነሡት ጥያቄ ከልብ የሚያስደስት ነው፤ በመልስዎ ላይ ግን የማልስማማበት ነገር አለ።

ዶክተር ማት የሠሩትን የሠሩት በወንበሩ ኃይል አልነበረም፤ ያሠራቸው ለንጉሠ ነገሥቱ የነበራቸው ቅርበት ነው። ኮሌጁ ቻርተሩን ያገኘው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ማለት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሕግ የተጻፈ ሥልጣን ሳይኖር በጃንሆይ ፈቃድ ብቻ ተመርቷል ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቤተ መንግሥቱ ከኮሌጁ ደጅ ርቆ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም ደግሞ ቻንስለሩ፣ ማለትም የበላይ ጠባቂው፣ ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ጎበዝ መሆኑና አለመሆኑ የሚለየው ደጅ ጥናቱን በማወቁ ነው፤ ጃንሆይ ዘወር ካሉበት ደግሞ ጉብዝናው ሁሉ አይረዳውም።

ይህን የምለው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። የእርስዎን መመዘኛ ብንቀበል ኦብዘርቫቶሪውን ያስቀጠለው ማነው ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። የሚያስቀጥለው ደንብ፣ በጀትና በሕግ የተቋቋመ ክፍል ነው። በአንድ ሰው ሞገስ የተጀመረ ሥራ በቀጣዩ ሰው ቁጣ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የእኔ መመዘኛ ፕሬዚዳንቱ ምን ደንብ ትቶ ሄደ የሚለው ነው።

ወለላ

ጋሼ ዘአራት ኪሎ፣ ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። የተማሪው ነገር ግን ፈጽሞ አልተነሣም፤ ኮሌጅ ደግሞ ያለ ተማሪ ኮሌጅ አይደለም።

በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. አክራ ላይ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች አራት ኪሎ ገቡ። እነዚህ ልጆች በአገራቸው ከቅኝ ገዥ ጋር የተናነቁ፣ ማኅበር ማቋቋምና ፊት ለፊት መናገር የለመዱ ነበሩ፤ የእኛዎቹ ዝምታም አስገርሟቸው ነበር። ታዲያ ያ ዝምታ ከየት መጣ? የዶክተር ማት ኮሌጅ በሥርዓት አክባሪነቱ የታወቀ ነበር፤ ያ ሥርዓት ግን የወጣቱን አፍ የዘጋ ሥርዓትም ነበር።

ከዚያ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የነጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ሲከሽፍ ይቅርታ እንዲጠይቁ ተደረገ፤ ጃንሆይም ማሯቸው። ከዚያ በኋላ በኮሌጅ ቀን በሚደረገው የግጥም ውድድር ላይ ተማሪዎች የድሀውን ኑሮ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ማንበብ ጀመሩ፤ ለዚህም የተቀጡ ነበሩ። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ በ10 ዓመት ውስጥ ከዝምታ ወደ አደባባይ የወጣውን ይህን ትውልድ ኮሌጁ አዳመጠው ወይስ ሲወጣ ደነገጠ? ፕሬዚዳንቱ የሚመዘነው ተማሪው ቅሬታውን በር አንኳኩቶ ሊነግረው በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ጭምር ነው።

የቀድሞ ሬጅስትራር

እኔ ወደ ታሪኩ አልገባም፤ ከሥራ ዓለም አንድ ነገር ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም የሕግ ሰው ስለ ደንብ ያሉትን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ከዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ስሙን አልጠቅስም። ፕሬዚዳንታችን በጣም ትጉህ ሰው ነበሩ። ጠዋት ከዘበኛው ቀድመው ይደርሱ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ችግሩ ሁሉንም ነገር በራሳቸው እጅ ማድረጋቸው ነበር። የኮሌጁ ክብ ማኅተም ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የመሸኛ ደብዳቤ፣ የፈቃድ ወረቀት፣ የቀለምና የወረቀት ግዢ ሁሉ የእርሳቸውን ፊርማ ይጠብቃል። ወደ ውጭ አገር ለስብሰባ ሲሄዱ ፋይሉ በጸሐፊያቸው ጠረጴዛ ላይ ይከመራል። ሥራ አግኝቶ ትራንስክሪፕቱ እስከ ዓርብ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ የተነገረው አንድ ተመራቂ ከመስኮቴ ፊት ቆሞ «የሚፈርም ሌላ ሰው የለም ወይ?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ። ውጤቱ በእጄ ነው፣ ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፣ የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር።

ፕሬዚዳንቱ ሲለቁ ደግሞ የባሰው መጣ። ማን ምን ቃል እንደተገባለት፣ የትኛው መምህር በምን ውል እንደተቀጠረ፣ ከየትኛው ድርጅት ጋር ምን እንደተስማማን የሚያሳይ ነገር መዝገብ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ሁሉም በእርሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ተተኪው ከዜሮ ጀመሩ። ትጋትና አመራር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማርኩት እዚያ ነው። ስለዚህ ጋሼ ያነሡትን መመዘኛ እኔ ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ፤ ኮሌጃችን ግን በዚያ ሚዛን ቢቀመጥ የሚወድቀው ሰነፍ ሰው ስለመራው አልነበረም።

ዘአራት ኪሎ

ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ።

ለየሕግ ሰው፣ የንጉሠ ነገሥቱን እጅ አልካድኩም። ሆኖም ቅርበት ሁሉ አንድ አይደለም። ለቤተ መንግሥት ቅርብ ሆነው ያን ቅርበት ለራሳቸው ርስትና ማዕረግ የተጠቀሙበት ሰዎች በዚያ ዘመን ሞልተው ነበር፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባልም ዝም ብሎ አልተፈጠረም። ዶክተር ማት ሞገሳቸውን ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ቤተ ሙከራ፣ ወደ መምህራን ቅጥር መለሱት። በእርሳቸው ዘመን የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ቅርሳ ቅርስ እያሰባሰቡ ያቋቋሙት ሙዚየም፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ገብቶ ዛሬ በስድስት ኪሎ ቤተ መንግሥት ውስጥ የምናየው ሆኗል። ይህንም ከሚቀጥሉት ሥራዎች ጎራ እቆጥረዋለሁ።

ለእኅቴ ለወለላ ግን የምመልሰው ይህን ያህል የሚያኮራ አይደለም። ያነሣሽው ነጥብ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኮሌጁ ዕውቀት በመስጠት እንጂ ተማሪ በማዳመጥ የተዋቀረ አልነበረም። ይህ ክፍተት ለቀጣዮቹ ፕሬዚዳንቶች ዕዳ ሆኖ ተላልፏል።

የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በሃሮልድ ቤንትሊ መሪነት ካደረጉት ጥናት በኋላ የተበታተኑት ኮሌጆች አንድ ላይ ሲመጡ ሁኔታው ምን እንደነበር አስቡት። የአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የአምስት ኪሎው ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ፣ የልደታው የሕንፃ ኮሌጅ፣ የሐረማያው እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደሩ የጤና ኮሌጅና የመንፈሳዊ ትምህርት ኮሌጁ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኃላፊ፣ የየራሳቸው የውጭ ረጂና የየራሳቸው ኩራት ነበራቸው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ናቸው ይህን ሁሉ በአንድ አስተዳደር ሥር ማዋል የነበረባቸው። እርሳቸውም የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ የልዕልት ሰብለ ደስታ ባለቤት ነበሩና የየሕግ ሰው ጥያቄ በእርሳቸው ላይ ይብስ ይበረታል። ነገር ግን በእርሳቸው ዘመን በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያስተምርና እንዲያገለግል ያደረገው፣ የከተማውን ልጅ ከገበሬው ኑሮ ጋር ፊት ለፊት አገናኘው። ከዚያ የተመለሰው ተማሪ «መሬት ላራሹ» ብሎ ሲጮኽ ያየውን ነበር የሚናገረው። መሪው የጀመረው ሥራ እርሱ ራሱ ካሰበው በላይ ሊሄድ እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጉለሌ

ውይይቱ መልካም ሄዷል። እኔ የማነሣው የፈተናውን ቀን ነው፤ ምክንያቱም በደህና ጊዜ ማንም ይመራል።

ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ከትምህርት ፋኩልቲ ዲንነት ወደ ፕሬዚዳንትነት የመጡት በ1961 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ነበር። ወንበሩ ገና ሳይሞቃቸው፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ስድስት ኪሎ አቅራቢያ በጥይት ተመታ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ከሆስፒታል አውጥተው ወደ ግቢው አስገቡት፤ የክብር ዘበኛ ጦር ግቢውን ሰብሮ ገብቶ ተኮሰ። ዛሬም በስድስት ኪሎው በር ስገባ ያ ቀን ይታሰበኛል።

በዚያች ሰዓት የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ምን ሊያደርግ ይችላል? ጦሩ የሚታዘዘው እርሱን አይደለም፤ ተማሪውም አያምነውም። ቻንስለሩ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ስለዚህ ለማን አቤት ይላል? ዶክተር አክሊሉ እስከ አብዮቱ ድረስ በወንበሩ ቆዩ፤ በኋላም በዓለም ባንክ የትምህርት ሥራን በኃላፊነት መሩ፤ ችሎታቸውን የሚጠራጠር የለም። ጥያቄዬ ግን በእርሳቸው ላይ ሳይሆን በወንበሩ ላይ ነው። ተኩስ በግቢው ውስጥ ተሰምቶ የሚቀጥል ፕሬዚዳንትነት ምን ዓይነት ፕሬዚዳንትነት ነው?

ነገሩ በዚያ ዘመን ብቻ የቀረ አይደለም። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. በተማሪዎች ሰልፍ ላይ ተተኮሰ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ፕሮፌሰር እሸቱ ወንጨቆ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጋሼ ዘአራት ኪሎ፣ የእርስዎ ሚዛን እነዚህን ቀናት የት ያስቀምጣቸዋል? ስለ ማኅተምና ስለ ኦብዘርቫቶሪ ብቻ ብንነጋገር ከባዱን ነገር ዘለልነው ማለት ነው።

የሕግ ሰው

ወንድሜ ጉለሌ በትክክለኛው ቦታ ነክተውታል።

መልቀቅም የአመራር ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ጽሑፍ ካልተወ ጠቀሜታው ያጥራል። አንድ ፕሬዚዳንት ሲለቅ ለምን እንደለቀቀ፣ ምን ተጠይቆ ምን እምቢ እንዳለ ለሴኔቱና ለቦርዱ በጽሑፍ ካቀረበ፣ ተተኪው ያንኑ ትእዛዝ ሲቀበል ቢያንስ የቀደመው እምቢ እንዳለበት እያወቀ ይቀበላል። በዝምታ ከለቀቀ ግን ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፤ የሚሞላው አይጠፋም።

መቆየትንም እንዲሁ አልነቅፍም። ቆይቶ መምህራኑን ከመባረር፣ ተማሪውን ከመታሰር የሚያድን ሰው አለ፤ ቆይቶ የስንብት ደብዳቤውን የሚፈርምም አለ። ሁለቱን የሚለየው ፊርማው የት እንዳረፈ ነው።

ባለ መዝገቡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በዚህ ውይይት የምጽፈው። በፊዚክስ ትምህርት ያለፍኩ ሰው ነኝና ስለ ኦብዘርቫቶሪው አንድ ነገር ልጨምር።

ያኔ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያው በፎቶግራፍ ወረቀት ነበር የሚሠራው። ወረቀቱ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ይጠቀለላል፤ ቀጭን ብርሃን በላዩ መስመር እየሳበ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። በማግስቱ ሰው በጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ያወጣል፣ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ቀንና ሰዓት ይጽፍበታል፣ አዲስ ወረቀት ይጠቀልላል። ይህ በየቀኑ መደረግ አለበት። ገናም ቢሆን፣ ፋሲካም ቢሆን፣ ተማሪው ቢያምፅ፣ ግቢው ቢዘጋ፣ መንግሥት ቢለወጥ። መሬት የምትንቀጠቀጥበትን ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ያልተመዘገበ ቀን ለዘላለም ያልተመዘገበ ነው። የአዲስ አበባ ጣቢያ ኤ.ኤ.ኢ. በሚል መለያ በዓለም አቀፉ የጣቢያዎች መረብ ውስጥ ገብቶ መረጃው በሌሎች አገሮች ተመራማሪዎችም ዘንድ ሲሠራበት የኖረው በዚህ የዕለት ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነው።

የሕግ ሰው ያሉትን ደንብና በጀት አልቃወምም። ነገር ግን ደንቡ ወረቀት አይቀይርም። ያን ወረቀት የሚቀይረው ቴክኒሻን ደመወዙ በወሩ እንዲደርሰው፣ የወረቀቱና የኬሚካሉ ግዢ እንዳይቋረጥ፣ ሰውየው ሲታመም የሚተካው ሰው እንዲሠለጥን ማድረግ ነው የፕሬዚዳንቱ ሥራ። ጉለሌ ስለ ፈተና ቀን የጻፉትን ሳነብ የመጣልኝ ሐሳብም ይኸው ነው፤ የፈተናው ቀን ሲመጣ ተቋሙን የሚያቆመው ከዚያ ቀን በፊት በጸጥታ የተሠራው ሥራ ነው።

አዲስ መምህር

የተከበራችሁ ታላላቆቼ፣ ከሁላችሁም ተምሬአለሁ። ይሁን እንጂ የአሁኑን ሁኔታ የሚመለከት ጥያቄ እንድትመልሱልኝ እለምናችኋለሁ።

ዶክተር ማት 33 ተማሪ ይዘው የጀመሩት በአገሪቱ ሌላ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሌለበት ጊዜ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የዛሬው ፕሬዚዳንት ጠዋት የምግብ ቤት ጨረታ፣ ከሰዓት የመኝታ ቤት ውኃ፣ ማታ ደግሞ ገቢ ስለሚያስገኝ ኢንተርፕራይዝ ሲሰበሰብ ይውላል። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ክፍል ረዳት ፕሮፌሰር የሆነ ሰው የቤት ኪራዩን ለመሸፈን ማታ ማታ በሁለት የግል ኮሌጆች ያስተምራል። ራስ ገዝነቱ ቅጥሩንና ደመወዙን ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲወስን ዕድል ይሰጣል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ገቢ ፈላጊ ሆኖ እንደ ፍልስፍና፣ እንደ ግእዝ፣ እንደ ታሪክ ያሉ ገንዘብ የማያመጡ ክፍሎች እንዳይደክሙ እሰጋለሁ። በኦብዘርቫቶሪው ምሳሌ ካየነው፣ ያኔ ገቢ የማያስገኝ የነበረው ሥራ ነው ዛሬ ያስፈለገን።

እንግዲህ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ስልታዊ ዕቅዱን በመድረክ ሲያቀርብ እኛ መምህራን ተቀምጠን እናዳምጣለን። በዚያ መድረክ ላይ እጅ አውጥቼ ብጠይቅ ምን ልጠይቅ?

ወለላ

ወንድሜ አዲስ መምህር፣ ከእኔ በኩል አንዱን ልስጥህ። ተማሪ በምን ቀን፣ በምን ሰዓት፣ ያለ ማንም ፈቃድ ቢሮው ሊገባ እንደሚችል ጠይቀው። «በራችን ሁልጊዜ ክፍት ነው» ካለህ አትቀበለው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይንገርህ። የተማሪ ማኅበር ምርጫ በማን እንደሚመራም ጨምረህ ጠይቅ።

የቀድሞ ሬጅስትራር

እርሱ በሌለበት ማን ይፈርማል ብለህ ጠይቀው። የውክልና ደብዳቤ በሹመቱ የመጀመሪያ ሳምንት ይጻፋል ወይስ ሲጓዝ ብቻ? ለእኔ ይህ ከስልታዊ ዕቅዱ ሁሉ ይበልጣል።

ዘአራት ኪሎ

ልጄ አዲስ መምህር፣ የጠየቅኸው ጥያቄ ይህን ውይይት ስከፍት ካሰብኩት ይልቃል።

ጉለሌ ላነሡት ከባድ ነገር መልስ ሳልሰጥ ላልፍ አልፈልግም። የእኔ ሚዛን ለእነዚያ ቀናት ብቻውን አይበቃም። ኦብዘርቫቶሪው በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው ተማሪ የተገደለው፤ አንዱ ሌላውን አያካክሰውም። ስለዚህ ከሚቀጥለው ሥራ ጎን አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ፕሬዚዳንቱ በግቢው ውስጥ ያለውን ሰው ለመጠበቅ ምን እንዳደረገ፣ ባይችል ደግሞ ምን ብሎ እንደጻፈ። በዚህ የየሕግ ሰው ካሉት ጋር እስማማለሁ፤ ሰነዱ በመዝገብ ቤት መገኘት አለበት።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። እኔ ብሆን ዕጩውን የምጠይቀው ሳይነካ ስለሚያስቀጥለው ሥራ ነው። ብዙ ዕጩዎች በስላይዳቸው ላይ የሚጀምሩትን ይደረድራሉ፤ አዲስ ማዕከል፣ አዲስ ፕሮግራም፣ አዲስ ሕንፃ። ከቀደሙት ፕሬዚዳንቶች ሥራ ስሙን ሳይቀይር፣ መዋቅሩን ሳያፈርስ፣ በጀቱን ሳይቀንስ የሚያስቀጥለው የትኛውን እንደሆነ በስም ይጥራልህ። ዲፓርትመንት ፋኩልቲ ሲሆን፣ ፋኩልቲ ኮሌጅ ሲባል፣ ኮሌጁ ተመልሶ ሲዋሐድ ስንት ጊዜ ደብዳቤ ራስጌ እንዳሳተምን ታውቃለህ። በየለውጡ መሐል የሚጠፋው ሰነድና የሚሰለቸው ሰው ነው።

ከዚያ ገቢ ስለማያመጡት ክፍሎች ያነሣኸውን ስጋት እንዳለ አቅርበው፤ ጥያቄው ላይ ግን ቁጥር ይኑርበት። ከውስጥ ገቢው ስንት እጅ ለእነዚህ ክፍሎች እንደሚመድብና ምደባውን የሚወስነው ሴኔቱ ወይም ቦርዱ መሆኑን በመድረኩ ፊት ይናገር። የተናገረው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አንድ ሰው ይጠይቅ። መድረኩ ስድስት ኪሎ የሚደረግ ከሆነ መጥቼ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ቃለ ጉባኤው እንዲያዝ የሚጠይቀውም እኔ እሆናለሁ።

ባለ መዝገቡ

ጋሼ፣ ከዚያ በፊት ጊዜ ካለዎት አራት ኪሎ ግቢ ብንገናኝ ደስ ይለኛል። የድሮዎቹን የፎቶግራፍ ወረቀት መዝገቦች በዲጂታል መልክ የማስቀመጡ ሥራ ጉዳይ ለዕጩዎቹ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ እንዲሆን ጽፌ ላምጣልዎት፤ አዲስ መምህርም ቢመጣ እዚያው እናርመዋለን።

አዲስ መምህር

እመጣለሁ። ሁሉንም ጥያቄዎች በአንድ ገጽ አድርጌ እዚህ እለጥፋለሁ፤ ወለላና የቀድሞ ሬጅስትራር የሰጡኝ ከላይ ይሆናሉ።